አክሶሎትል ከመግባቱ በፊት፦ በሲያትል ለስላሳ ውኃ የአንድ ገንዳ የ60 ቀን ማስታወሻ

አክሶሎትል ዕድሜውን ሁሉ በውኃ ውስጥ የሚኖር የሳላማንደር ዓይነት፣ የደጋ ፍጥረት ነው። አገሩ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለው የሾቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮቹ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቅ ከፍታ። የለመደው ቀዝቃዛ፣ የረጋና ማዕድን ያለው ውኃ ነው። የሲያትል ቧንቧ ውኃ ደግሞ ከሴዳርና ከቶልት ወንዞች የሚመጣ የተራራ በረዶና ዝናብ ነው። ንጹሕ ነው፤ ማዕድን ግን የለውም ማለት ይቻላል። የአዲስ ገንዳ ችግር አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ማስታወሻው ስለ እንስሳው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ካርቦኔት የሚናገረው ይበዛል።

የእንስሳው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ የባክቴሪያ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፤ እሱም መርዝ ነው። ሁለተኛው ቡድን ናይትራይቱን ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት ይቀይራል። ዑደት የሚባለው ይህ ነው፤ እንስሳው ከመግባቱ በፊት አሞኒያ እየጨመርን የምናሳድገው እነዚህን ባክቴሪያዎች ነው። ሦስቱም የተጻፉት በሚሊግራም በሊትር ነው። ካርቦኔት የምንለው ውኃው አሲድ የሚውጥበት አቅም ነው፤ ጠቅላላ ጥንካሬ ደግሞ በውስጡ ያለው የካልሲየምና የማግኒዥየም ብዛት። ሁለቱም የሚለኩት በጀርመን ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 17.9 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት በሊትር ማለት ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ ውኃው ይበልጥ አሲዳም ነው። ሙቀት በሴንቲግሬድ።

የምንፈልገው፦ ሙቀት ከ16 እስከ 18፣ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት ከ20 በታች፣ ካርቦኔት 4፣ ጠቅላላ ጥንካሬ 8፣ ፒኤች ከ7.4 እስከ 7.8 ሆኖ የማይዋዥቅ።

ቀን 0

ገንዳው መስታወት ነው፤ ርዝመቱ 91፣ ስፋቱ 46፣ ቁመቱ 41 ሳንቲሜትር። መለያው ላይ 150 ሊትር ይላል። አሸዋውና መደበቂያው ከገቡ በኋላ በባልዲ እየቆጠርን እስከ 33 ሳንቲሜትር ስንሞላው የያዘው 130 ሊትር ነው። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ በ130 የተሰላ ነው። በመለያው ቁጥር የሚያሰላ ሰው የሚጨምረው ነገር ሁሉ ከልክ በላይ ይሆንበታል። መስታወቱ፣ አሸዋውና ውኃው አንድ ላይ ከ160 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ መቆሚያው ለገንዳ የተሠራ መሆን አለበት፤ በውኃ ልክ ቀጥ ማለቱም ይረጋገጥ።

አሸዋው ቅንጣቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ 1 ሳንቲሜትር ውፍረት ብቻ አነጠፍን። ጠጠር አይገባም። አክሶሎትል የሚበላው አፉን ከፍቶ ውኃውን ከነምግቡ በመሳብ ስለሆነ ጠጠሩን ይውጠዋል፤ የዋጠው ጠጠርም አንጀቱን ይዘጋል። አሸዋው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ቆሻሻ ይታመቅበታል።

ማጣሪያው ሁለት ራስ ያለው ስፖንጅ ሲሆን የሚሠራው በአየር ፓምፕ ነው። ኃይለኛ ሞተር ያለው ማጣሪያ ለዓሣ ጥሩ ቢሆንም ለዚህ እንስሳ አይሆንም፤ የውኃው ግፊት ዕረፍት ይነሳዋል። ፓምፑ ከውኃው ወለል በታች ከተቀመጠ በአየር ቱቦው ላይ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ወለሉ ላይ።

መለኪያው በጠብታ የሚሠራው ኪት ነው። የወረቀት ቁራጮቹ 0.25ን ከ0 ለመለየት አይረዱም፤ እዚህ ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚያ ልዩነት ላይ ነው።

የቧንቧው ውኃ እንደተቀዳ ፒኤቹ 8.2 ነበር፤ በብርጭቆ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ 7.7። ከተማው ቧንቧዎቹ እንዳይበሉ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ይልከዋል፤ ውኃው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ይወርዳል። ትክክለኛው ያደረው ነው። ካርቦኔት 1፣ ጠቅላላ ጥንካሬ 1.5፣ አሞኒያ 0፣ ናይትሬት 0። ካርቦኔት ሲለካ አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ፈንታ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ከወሰዳችሁ አንዱ ጠብታ ግማሽ ዲግሪ ይሆናል። በለስላሳ ውኃ ይህ ግማሽ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ቀን 1

ውኃው ክሎሪን አለው። 1 ሚሊግራም ክሎሪን በሊትር ላለው ውኃ ክሎሪን የሚያጠፋው ጨው፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ 7 ሚሊግራም በሊትር በቂና ተርፎም የሚበቃ ነው፤ ለ130 ሊትር 0.9 ግራም ሆነ። ከሱቅ የሚገዛውን የክሎሪን ማጥፊያ የሚጠቀም ሰው እሬት የተቀላቀለበትን ይተው፤ የአክሶሎትል ቆዳ ያገኘውን ሁሉ ያስገባል። ዴንቨር የሚኖር አንባቢ ግን ሌላ ሒሳብ አለው፤ እዚያ ያለው ክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር የተጣመረ ክሎሪን ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይጠፋም፤ ታዮሰልፌት ሲሰብረውም አሞኒያውን ትቶ ይሄዳል። አሞኒያውንም የሚይዝ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ደግሞ ውኃው ላይ ከመድከሙ በፊት ይወቅ፤ እዚያ አክሶሎትል መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ማሞቂያ ገብቶ ውኃው 26 ዲግሪ ደረሰ። እንስሳውን ሊገድል የሚችል ሙቀት ነው፤ ለባክቴሪያ ግን ይመቻል፤ እንስሳውም ገና አልመጣም። ለመጀመሪያ የሚሆን የጠርሙስ ባክቴሪያ ጨመርን።

የአሞኒያ ምንጫችን አሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ነው። 10 ግራሙን በ500 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሟነው፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ይይዛል። በውኃው ላይ 1 ሚሊግራም አሞኒየም በሊትር ለመጨመር 2.97 ሚሊግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለ2፦ 2 × 2.97 × 130 = 772 ሚሊግራም፣ ወይም በሲሪንጅ 39 ሚሊ ሊትር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኪቱ 2 አለ። የሞተ ዓሣ ወይም ምግብ አበስብሶ አሞኒያ ማግኘት ይቻላል፤ ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ገንዳውም ይገማል።

ካርቦኔቱን ለመጠበቅ 200 ግራም የተፈጨ ኮራል (ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ የባሕር ድንጋይ) በመረብ ከረጢት አድርገን ከማጣሪያው አጠገብ አስቀመጥን። ብዙ ሰው የሚመክረው ነው። ይህ ውሳኔ በቀን 16 ይታያል።

ቀን 5

አሞኒያ 2፣ ናይትራይት 0። ውኃው ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ይህ የምንፈልገው ባክቴሪያ ሳይሆን ተንሳፋፊው ነው፤ በራሱ ይጠራል። ውኃ መቀየር ምንም አይረዳም።

ቀን 9

አሞኒያ 1.5፣ ናይትራይት 1። የመጀመሪያው ቡድን ሥራ ጀመረ።

ቀን 12

አሞኒያ 0.25፣ ናይትራይት ወደ 5፣ ፒኤች 7.2። ባክቴሪያው እንዳይራብ ግማሽ መጠን፣ ማለትም 1 ሚሊግራም በሊትር የሚያደርሰውን 19.5 ሚሊ ሊትር ጨመርን። ፒኤቹ ከ7.7 መውረዱ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ካርቦኔት መለካት የነበረብን ዛሬ ነው።

ቀን 16

አሞኒያ 0.5 ላይ ቆሟል፤ ከትናንት ወዲህ አልነቃነቅም አለ። ፒኤች 6.4። ካርቦኔት ሲለካ የመጀመሪያው ጠብታ ራሱ ቢጫ ሆነ፤ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው።

ምክንያቱ በሒሳብ የሚታይ ነው። ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ሲቀይር አሲድ ይወጣል፤ ያንን አሲድ የሚውጠው ካርቦኔት ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7.14 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይበላል። 2 ሚሊግራም አሞኒየም 1.56 ሚሊግራም ናይትሮጅን ስላለው አንድ ሙሉ መጠን 11 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.6 ዲግሪ ይበላል። የሲያትል ውኃ ያለው 1 ዲግሪ ነው። ሁለት መጠን ሳይሞላ ጓዳው ባዶ ሆነ። ከዚያ ፒኤች ይወድቃል፤ ባክቴሪያውም ከ6.5 በታች ሲወርድ ሥራውን ያቆማል። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ «ባክቴሪያው ሞተ» ብሎ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። ባክቴሪያው አልሞተም፤ ካርቦኔት አጣ እንጂ።

ኮራሉስ? ኮራል በደንብ የሚሟሟው ውኃው አሲዳም ከሆነ በኋላ ነው። በ7.7 ተኝቶ ነበር፤ ሲነቃ ጊዜው አልፏል፣ አሟሟቱም ከባክቴሪያው ፍላጎት በጣም የዘገየ ነው። ፀጥ ባለ አሮጌ ገንዳ ይጠቅም ይሆናል፤ በየቀኑ አሞኒያ ለሚጨመርበት አዲስ ገንዳ መታመኛ አይደለም። ከረጢቱን አወጣነው። ውስጥ ቢቀር ካርቦኔቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው ቤኪንግ ሶዳ ነው። አንድ ዲግሪ ለመጨመር 30 ሚሊግራም በሊትር፣ ለ130 ሊትር 3.9 ግራም። አራት ዲግሪ ፈለግን፦ 15.6 ግራም፣ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን በሚዛን። ከገንዳው በቀዳነው አንድ ሊትር አሟምተን በሁለት ጊዜ አፈሰስነው። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ውስጥ አሲድና ስታርች አለ። ማታ ላይ ካርቦኔት 4፣ ፒኤች 7.8።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥብቅ መባል አለበት። እንስሳ ባለበት ገንዳ ፒኤች ወድቆ አሞኒያ ከተጠራቀመ ሶዳ ማፍሰስ ሊገድለው ይችላል። በ17 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 6.5 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 0.1 በመቶ ያህል ነው፤ በ7.5 አንድ በመቶ፣ በ8.2 ወደ 5 በመቶ። መጀመሪያ እንስሳው ይወጣል፤ ከዚያ ነው ሶዳ።

ቀን 17

ጠቅላላውን ጥንካሬ ከ1.5 ወደ 8 አነሳን። አምስቱ ዲግሪ ከካልሲየም ክሎራይድ፣ አንድ ተኩሉ ከኤፕሶም ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት)። ባለ ሁለት ሞለኪውል ውኃ ካልሲየም ክሎራይድ ለአንድ ዲግሪ 26.2 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ 17 ግራም ገባ። ኤፕሶም 44 ሚሊግራም በሊትር፤ 8.6 ግራም። ማሸጊያው ላይ ደረቅ ወይም ውኃ አልባ ከተባለ የካልሲየሙ ልክ ወደ 19.8 ይወርዳል። ሲሟሟ ይሞቃል፤ ስለዚህ ዱቄቱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ ዱቄቱ አይፈስም።

ከሶዳው ጋር በአንድ ዕቃ አይሟሟም። ሁለቱ በወፍራሙ ሲገናኙ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ የዘቀጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ካልሲየሙም ካርቦኔቱም አብረው ይባክናሉ። በተለያየ ዕቃ አሟሙቶ፣ አንዱ ገንዳው ውስጥ ከተበተነ በኋላ ሌላውን ማፍሰስ ነው።

ቀን 19

አሞኒያ 0። ናይትራይት ከኪቱ መጨረሻ ቀለም አልፏል። 5 ያለው ሰንጠረዥ 5ንም 20ንም አንድ ዓይነት ሐምራዊ ስለሚያሳይ አንድ እጅ የገንዳ ውኃ በሦስት እጅ ዲስቲልድ ውኃ አቅጥነን ለካን፤ 2 አለ። በአራት ሲባዛ 8።

ቀን 20

ናይትራይት ሲበዛ ሁለተኛው የባክቴሪያ ቡድን ይዘገያል። ግማሹን ውኃ፣ 65 ሊትር፣ ቀየርን። ለአዲሱ ውኃ ሶዳ 5.9፣ ካልሲየም ክሎራይድ 8.5፣ ኤፕሶም 4.3 ግራም። ካርቦኔት 4 ላይ ቆመ። ከዛሬ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ 1 ሚሊግራም አሞኒያ።

ቀን 24

አሞኒያ በአንድ ቀን ያልቃል። ናይትራይት 5፣ ናይትሬት 10 ይላል፤ ይህን የናይትሬት ቁጥር አናምነውም። ኪቱ ናይትሬትን የሚለካው መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀይሮ ነው፤ ቀድሞውንም የነበረው ናይትራይት አብሮ ይቆጠራል። ናይትራይት 0 እስኪሆን ናይትሬት መለካት ጠብታ ማባከን ነው። ሲለካም ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዱቄት ከሥር ይዘቅጣል፤ ግማሽ ደቂቃ በኃይል ካልተናጠ ንባቡ ሁሌ ዝቅ ይላል።

ቀን 30

ናይትራይት 2። መውረድ ጀመረ።

ቀን 33

ናይትራይት 0። ካርቦኔት 2፤ ከቀን 20 ወዲህ ሁለት ዲግሪ ተበላ። 7.8 ግራም ሶዳ አስገባን፣ 4 ሆነ።

ቀን 34 እስከ 36

በየቀኑ ጠዋት ሙሉ መጠን፣ 39 ሚሊ ሊትር። በነጋታው ሦስቱንም ቀን አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0።

ቀን 37

ካርቦኔት እንደገና 2። በሦስት ቀን ሁለት ዲግሪ! 7.8 ግራም ሶዳ። ናይትሬት በ40ና በ80 መካከል። ማሞቂያው ወጣ።

ብዙዎች «ዑደቱ አለቀ» ብለው እንስሳውን ዛሬ ያስገባሉ። እኛ ግን ያረጋገጥነው በ26 ዲግሪ የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። እንስሳው የሚኖረው በ17 ነው።

ቀን 39

17 ዲግሪ ደረሰ። ሙሉ መጠን ጨመርን። በ24 ሰዓት አሞኒያ 0.25፣ ናይትራይት 0.5፤ በ36ኛው ሰዓት ሁለቱም 0። ዘገየ፤ ግን ይበቃል። አንድ እንስሳ በቀን 2 ግራም የመሬት ትል ቢበላ፣ የትሉ ፕሮቲን 10 በመቶ ያህል ነው፤ 0.2 ግራም ፕሮቲን 32 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ሁሉም ወደ ውኃው ቢወጣ እንኳ በ130 ሊትር ውስጥ 0.3 ሚሊግራም አሞኒየም በሊትር ነው። ማጣሪያው ስድስት እጥፉን በ36 ሰዓት ሲጨርስ አይተናል።

ቀን 43

ናይትሬት 60 ነው፤ በስድስት ሳምንት ሥራ የተጠራቀመ። 104 ሊትር ወጥቶ አዲስ ገባ። ሶዳ 9.4፣ ካልሲየም ክሎራይድ 13.6፣ ኤፕሶም 6.9 ግራም። አዲሱ ውኃ በፕላስቲክ በርሜል ክሎሪኑ ጠፍቶ፣ ማዕድኑ ገብቶ፣ አየር እየተነፋበት አንድ ሌሊት አድሮ 17 ዲግሪ ሆኗል። ከመቅዳት በፊት ቧንቧው ሁለት ደቂቃ ይፍሰስ፤ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ያደረ ውኃ መዳብ ይይዛል፣ ሙቅ ውኃም እንዲሁ። መዳብ ለእንዲህ ያለ ስስ ቆዳ መርዝ ነው።

ንባብ፦ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 12፣ ካርቦኔት 4፣ ጥንካሬ 8፣ ፒኤች 7.8፣ ሙቀት 17። ፒኤቹን ወደ 7.5 ለማውረድ አሲድ የሚጨምሩ አሉ። አሲዱ መጀመሪያ የሚበላው ካርቦኔቱን ነው፤ ወደ ቀን 16 መመለስ ማለት ነው። ከሚዋዥቅ 7.5 የቆመ 7.8 ይሻላል።

ቀን 45

12 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ወጣት አክሶሎትል ገባ። የመጣበት ውኃ 19 ዲግሪ ነበር። በሳፋ ሆኖ የገንዳው ውኃ በቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበለት አንድ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ያለ አሮጌው ውኃ ተዛወረ። መብራት አይበራም። ይህ ፍጥረት የዓይን ቆብ የለውም።

ቀን 46

የሚተነፍስባቸው፣ ላባ የመሰሉት ስንጥቦቹ ወደ ፊት ታጥፈዋል። ውኃው ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱም 17፤ የቀረው የውኃው ግፊት ነው። የአየር ቫልቩን በግማሽ ዘጋነው። ማታ ስንጥቦቹ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ቀን 49

አሞኒያ 0.25። በመደበቂያው ጀርባ ያልተበላ የትል ቁራጭ በስብሶ ተገኘ። ባለ ላስቲክ ጫፍ መምጠጫ አወጣው፤ 32 ሊትር ተቀየረ። በነጋታው 0። ከዚህ በኋላ ምግብ ከተሰጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረው ይለቀማል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት 0.5 ቢደርስ ኖሮ እንስሳው 20 ሊትር ውኃ ባለው ሳፋ ይወጣና ውኃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ በተዘጋጀ ውኃ ይቀየርለት ነበር፤ ገንዳው እስኪስተካከል ድረስ። አንድ ሳፋና የተዘጋጀ በርሜል ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን።

ቀን 52

ስፖንጁ ደፈነ፤ አረፋው ቀነሰ። ከሁለቱ ራሶች አንዱን ብቻ፣ ከገንዳው በወጣ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅነው። በቧንቧ ውኃ ማጠብ ክሎሪኑ ስድስት ሳምንት የተደከመበትን ይገድለዋል። ሌላው ራስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጨመቃል።

በትነት ሁለት ሳንቲሜትር ጎድሏል። የሚተነው ውኃ እንጂ ማዕድን አይደለም፤ ስለዚህ መሙያው ክሎሪኑ የጠፋ፣ ማዕድን ያልተጨመረበት ውኃ ነው። ለዚህ ሥራ የሲያትል ውኃ የሚስተካከለው የለም።

ቀን 58

ናይትሬት 20፣ ካርቦኔት 3.5። ሳምንታዊው ለውጥ 32 ሊትር ነው፤ ሶዳ 2.9፣ ካልሲየም ክሎራይድ 4.2፣ ኤፕሶም 2.1 ግራም። የሦስቱ ልክ በትናንሽ ብልቃጥ ተመዝኖ ለወር ተቀምጧል። እንስሳው ሲያድግ ግን ይህ አይበቃም። በቀን 2 ግራም ትል በሳምንት ናይትሬትን እስከ 7 ወይም 8 ሊያነሳ ይችላል። በየሳምንቱ ሩቡን የሚቀይር ሰው ውሎ አድሮ 30 ላይ ይቆማል፤ 40 በመቶ የሚቀይር 20 አካባቢ። ስለዚህ ለውጡ ቀስ በቀስ ወደ 52 ሊትር ያድጋል። ድንጋይ ላይ የታሰሩ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ የውኃ ተክሎች ገብተዋል፤ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል፣ ናይትሬቱንም በጥቂቱ ይቀንሳሉ።

ቀን 60

ለበጋው ዝግጅት። ሲያትል ቀዝቃዛ ከተማ ናት ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ጁን 28 ቀን 2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር 42 ዲግሪ ደርሷል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም። የመስታወት ክዳኑ በመረብ ክዳን ተተካ፤ ቬንትሌተሩ በውኃው ወለል ላይ በአግድም እንዲነፍስ ተሰቀለ፤ መቆጣጠሪያው 18.5 ላይ ያስነሳዋል፣ 17 ላይ ያጠፋዋል። በሙከራው 20 የነበረውን በአንድ ሌሊት ወደ 17.5 አወረደ፤ ትነቱም ጨመረ፣ መሙያው በየሦስት ቀኑ ሆነ። በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ማስገባት ለአንድ ቀን ችግር መፍትሔ ይሆናል፤ ለሳምንት ግን ሙቀቱን ሽቅብ ቁልቁል ያደርገዋል። ውኃው በቬንትሌተሩም ቢሆን 22 ካለፈ ቺለር፣ ማለትም የገንዳ ውኃ ማቀዝቀዣ መሣሪያ፣ ይገዛል። የዛሬ ንባብ፦ ሙቀት 17.2፣ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 15፣ ካርቦኔት 4፣ ፒኤች 7.7።